2 ቴራባይት ቪዲዮ ከአዲስ አበባ ወደ ቨርጂንያ፦ ፓኬጅ ከማሳደግዎ በፊት

ጠያቂያችን ለዘጋቢ ፊልም የተቀረጸ 20 ሰዓት ገደማ የፕሮሬስ (ለኤዲቲንግ የሚያገለግል ከፍተኛ ጥራት ያለው ፎርማት) ቪዲዮ፣ በጠቅላላው 2 ቴራባይት፣ ቨርጂንያ ለሚገኝ ኤዲተር በአነስተኛ ወጪ እንዴት እንደሚልኩ፣ በሰከንድ 20 ሜጋቢት የሆነው የኢንተርኔት መስመራቸውም አፕሎድ ሲያደርጉ ለምን ከ4 ሜጋቢት እንደማያልፍ ጠይቀዋል። ተመሳሳይ ሥራ በየጊዜው ስለምሠራ፣ ከፍ ያለ ፓኬጅ ለመግዛት እንዳይቸኩሉ እመክራለሁ።

በመጀመሪያ ስለ 4 ሜጋቢቱ። ከአዲስ አበባ እስከ ቨርጂንያ አጎራባች ዋሽንግተን አካባቢ በቀጥታ ቢለካ እንኳ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ደርሶ መልሱ ከ115 ሚሊሰከንድ ሊያንስ አይችልም። መስመሩ ግን በጎረቤት አገሮች አቋርጦ በባሕር ሥር ኬብል ዞሮ ስለሚሄድ፣ እኔ ስለካው ብዙውን ጊዜ ወደ 250 ሚሊሰከንድ ይጠጋል። ቲሲፒ (ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት መረጃ የሚለዋወጡበት ደንብ) ደግሞ የላከው መድረሱ ሳይረጋገጥለት ከተወሰነ መጠን በላይ አይለቅም። ፕሮግራሙ ማረጋገጫ ሳያገኝ የሚለቀው 64 ኪሎባይት ብቻ ከሆነ፣ መስመሩ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን ፍጥነቱ ከ2 ሜጋቢት ብዙም አያልፍም። በመንገድ ላይ ፓኬት (መረጃው ተከፋፍሎ የሚጓዝበት ቁራጭ) ከጠፋ ደግሞ ይባስ ይወርዳል፤ ርቀቱ በረዘመ ቁጥርም ለማንሰራራት የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል።

ይህን ለማጣራት በሁለቱም ጫፍ አይፐርፍን (የመስመር ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) ከፍተው አንድ ጊዜ በአንድ ግንኙነት፣ ቀጥሎ በስምንት ግንኙነት ይለኩ። ስምንቱ ተደምረው 20 ከተጠጉ መስመርዎ ጤነኛ ነው፤ ያጠረው አላላኩ ነው። እንዲህ ሲሆን በአርክሎን (ፋይል ወደ ክላውድ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም) ፋይሉን ከፋፍሎ በአንድ ጊዜ ወደ ክላውድ ማከማቻ መጫን፣ ወይም የሚልከው ኮምፒውተር ሊኑክስ ከሆነ ጉግል በ2016 ያወጣውን ቢቢአር (የቲሲፒን የአላላክ ፍጥነት የሚቆጣጠር ስልት) ማብራት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይረዳል። ክላውድ ላይ ግን ዋጋውን ሳያዩ አይጀምሩ፦ መጫኑ ነጻ ቢሆንም፣ በአማዞን ኤስ3 መደበኛ ዋጋ ለማውረድ በጊጋባይት 0.09 ዶላር ገደማ ስለሚከፈል፣ 2 ቴራባይት 180 ዶላር ያህል ያስወጣል። ዚፕ ማድረጉን ይተዉት፤ ቪዲዮው ቀድሞውኑ የተጨመቀ ነው።

ሁሉም ተስተካክሎ 20 ሜጋቢቱን ሙሉ በሙሉ ቢጠቀሙ እንኳ፣ 2 ቴራባይት ሌት ተቀን ከ9 ቀን በላይ ይፈጃል፤ መብራት ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ ደግሞ ይጨምራል። ስለዚህ እኔ ኦሪጅናሉን አልልክም። ቪዲዮውን በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሆነ የኤች 264 ፎርማት ፕሮክሲ (ለኤዲቲንግ ብቻ የሚያገለግል አነስተኛ ቅጂ) ስሠራው 20 ሰዓቱ ወደ 90 ጊጋባይት ይወርዳል፤ ይህም በ10 ሰዓት፣ ማለትም ማታ ተጀምሮ ጠዋት ይደርሳል። የፋይሉ ስምና ታይምኮዱ (የእያንዳንዱ ምስል የጊዜ ቁጥር) ፈጽሞ መለወጥ የለባቸውም፤ ኤዲተሩ ቆርጦ የሚመልሰው ጥቂት ኪሎባይት ወይም ሜጋባይት የሚሆን የኤክስኤምኤል ፋይል (የቆረጣው ዝርዝር) ከኦሪጅናሉ ጋር አዲስ አበባ ላይ የሚገናኘው በእነዚህ ነው። ከለር (የቀለም ማስተካከያው) የሚሠራው እዚያው ቨርጂንያ ከሆነም፣ በፊልሙ የገቡትን ቁርጥራጮች ብቻ መላክ ይበቃል።

ኦሪጅናሉ በሙሉ የግድ ይላክ ከተባለ፣ ዲስክ በሚያምኑት መንገደኛ እጅ ይላኩ። ከበር እስከ በር አንድ ሙሉ ቀን ቢፈጅ፣ በሰከንድ 185 ሜጋቢት እንደ መላክ ነው፤ በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ አፕሎድ የሚሸጥልኝ አላገኘሁም። ዲስኩን በይለፍ ቃል ኢንክሪፕት አድርገው (ቆልፈው)፣ የእያንዳንዱን ፋይል ቼክሰም (ፋይሉ ሳይለወጥ መድረሱን የሚያሳይ መለያ ቁጥር) ዝርዝር በኢሜይል ለብቻው ይላኩ፤ ኤዲተሩ አመሳክሮ ሁሉም ትክክል ነው እስኪልዎት ድረስም እርስዎ ጋ ያለውን ቅጂ አይንኩ።