ቤት ውስጥ ሞተር ማጥፋት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ለገጣፎ ነው። አብራሪነት እየተማርኩ ነው፣ በቅርቡ ባለ ሁለት ሞተር እጀምራለሁ። ቤት ኮምፒውተሬ ላይ ሲሙሌተር ከነፔዳሉ ገጥሜ አንዱን ሞተር እያጠፋሁ እለማመዳለሁ። ጓደኞቼ "ጌም ነው" ብለው ይስቁብኛል። እውነት ይጠቅመኛል? (መብራት እየሄደ የሚያናድደኝንስ ተዉት።)

መልስ፦ መብራት ሲሄድማ ሁለቱም ሞተር ነው የሚጠፋብህ፣ ወንድሜ! ለማንኛውም ይጠቅምሃል። የሚጠቅመው ግን ለእጅህና ለጭንቅላትህ ነው፣ ለእግርህ ብዙም አይደለም።

ሞተር ሲሞት አፍንጫው ወደሞተው በኩል ይዞራል፣ አንተ በተቃራኒው ፔዳል ትረግጣለህ። ሥራ የፈታው እግርህ የትኛው ሞተር እንደሞተ ይነግርሃል። ቸኩለህ አታምነው፣ መጀመሪያ የዚያን ሞተር ጋዝ ቀንስና ምንም ካልተለወጠ ብቻ ፕሮፔለሩን ፌዘር አድርግ (ማለትም ምላጮቹ አየሩን እንዳይቃወሙ ጠርዛቸውን ወደ ነፋሱ አዙር)። ቀልድ አይደለም፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2015 ታይዋን ውስጥ የመንገደኞች አውሮፕላን አብራሪ ተደናግጦ ደህናውን ሞተር አጥፍቶ አውሮፕላኑ ወድቋል። ይሄን ቅደም ተከተል እጅህ እስኪለምደው ቤትህ መቶ ጊዜ ብትሠራው ማንም አይጎዳም። የቤት ፔዳል ግን ስፕሪንግ ነው። እውነተኛው እግር ያንቀጠቅጣል፣ እሱን ከአስተማሪህ ጋር አየር ላይ ነው የምታውቀው።

አሁን ዋናው። ልምምድህን ባሕር ጠረፍ ላይ ባለ ኤርፖርት አታድርገው፣ ቦሌን ምረጥ። ቦሌ 7,625 ጫማ ላይ ነው። ለሥልጠና የሚዘወተረው ፓይፐር ሴሚኖል ደግሞ በአንድ ሞተር የሚሠራበት ጣሪያ በመጽሐፉ 3,800 ጫማ ነው፣ ማለትም እኛ ጋ የቀረው ሞተር የሚያደርገው ነገር ቢኖር ቁልቁለቱን ማርዘም ነው። እንደተነሳህ አንዱ ከጠፋ ሁለቱንም ጋዝ ቀንሰህ ፊት ለፊትህ ማረፍ አለብህ። እጅ እምቢ የሚለው እዚህ ጋ ነው! መሬት ላይ ሆነህ ካልሆነ የት ትለማመደዋለህ?

አንድ ነገር ልጨምር። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ ላይ ጉልበቱ ስለሚቀንስ የቀይ መስመሩ ፍጥነት (በአንድ ሞተር ስትበር ከዚያ በታች አፍንጫውን በፔዳል መያዝ የማትችልበት) ዝቅ ይላል፣ ክንፉ ማንሳት የሚያቆምበት ፍጥነት ግን ጠቋሚው ላይ እዚያው ነው። ስለዚህ ዝቅ ያለው ፍጥነት ጋ ሳትደርስ ክንፉ ሊከዳህና በአንድ በኩል ሊያሽከረክርህ ይችላል። ሰማያዊውን መስመር፣ ማለትም በአንድ ሞተር በተሻለ የምትወጣበትን ፍጥነት፣ አትልቀቅ።

ደግሞ ሞተር የሚያጠፋውን ቁልፍ ራስህ አትጫነው፣ መቼ እንደሚጠፋ ስታውቅማ ምኑ ልምምድ ሆነ። ታናሽ እህት ወይም ወንድም ካለህ ከኋላህ ቆመው ደስ ባላቸው ሰዓት ይጫኑት። ታናናሾች ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ አይለግሙም።