«ቲቸር፣ ተምሮ ማን አለፈለት?»

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ጣና ዳር ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምሪያለሽ። ሦስተኛ ዓመትሽ ነው። አንዱ ክፍል ሰባ ተማሪ አለው፤ ግማሹ ደብተር አይዝም፣ የኋላው ረድፍ ዴስክ ላይ ተደፍቶ ይተኛል። ስትቆጪያቸው «ቲቸር፣ ተምሮ ማን አለፈለት?» ይሉሻል። ደመወዙም አልበቃሽም። «ትቼው ባንክ ልግባ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል።

ከልጆቹ ልጀምር። ሰነፎች አይመስሉኝም። ሒሳቡን ሠርተው የጨረሱ ልጆች ናቸው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። በ2015 ብቻ ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በዚያ ላይ የፀጥታው ችግር ትምህርቱን ደጋግሞ አቋርጦታል። የአንዱ ልጅ ታላቅ ወንድም ዲግሪውን ይዞ ቤት ተቀምጧል፤ ባጃጅ የሚነዳው ጓደኛው ግን ማታ ብር ይዞ ይገባል። እንዲህ ያለውን ልጅ «ካጠናህ ዩኒቨርሲቲ ትገባለህ» ብትዪው እንዴት ይመንሽ?

እኔም ሳስተምር እንዲሁ አደርግ ነበር። ሰኞ ሰኞ ረጅም ምክር እሰጣለሁ። አንድ ቀን አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ፈተናችን መቼ ታርሞ ይመለሳል?» አለኝ። ሦስት ሳምንት አስቀምጬው ነበር። በጣም አፈርኩ። እኔ የዛሬ አራት ዓመት ስለሚሆነው አወራለሁ፤ ልጁ የፈለገው ባለፈው የደከመበትን ወረቀት ማየት ነበር።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲውን ለጊዜው ተዪው። ልፋታቸው በዚሁ ሳምንት ይታያቸው። ሰኞ ሦስት አጭር ጥያቄ ስጪ። ሰባ ወረቀት ብቻሽን አታርሚ፤ ተለዋውጠው እዚያው ይተራረሙ። ሐሙስ ያንኑ ሦስት ጥያቄ መልሰሽ ጠይቂ። ሰኞ አንድ ያገኘ ልጅ ሐሙስ ሦስት ካገኘ ምክር አያስፈልገውም፣ በዓይኑ አይቶታል። ማንም ዜሮ ያገኘ ልጅ ግን በክፍሉ ፊት ስሙ አይጠራ።

ደግሞ ባዮሎጂ ነው እኮ የምታስተምሪው፣ ያውም ጣና ዳር! ከመጽሐፉ በፊት ከሐይቁ ጀምሪ። ቆሮሶ የምትባለው ዓሣ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ እንደምትፈለፍል ከተማሪዎችሽ መካከል የሚያውቅ አይጠፋም። ለምን እንዲህ እንደምታደርግ ጠይቂያቸው። እንቁላሉን በትኖ ከሚሄድ ዓሣ ጋር ሲነጻጸር የማን እንቁላል ቁጥሩ ይበዛል? እምቦጩንም አንሺ። ሕዝቡ ወጥቶ በእጁ እየነቀለው ለምን ተመልሶ ይመጣል? በዘርም ይራባል፣ ከግንዱ በሚወጣ ቅጥያም ይራባል፤ ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። መጽሐፉ ላይ ስለ መራባት የሚያስተምረው ምዕራፍ ይኸው ነው። ከአባቱ ጋር መረብ የሚጥለው ልጅ በዚያች ክፍለ ጊዜ አስተማሪ ይሆናል።

ምናልባትም ከኋላ የሚተኛው እሱ ነው። ሌሊቱን መረብ ላይ አድሮ ይሆናላ።

አሁን ወደ ባንኩ። ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ጥያቄ አለ፤ «ደመወዙ አልበቃኝም» እና «ልጆቹ አልሰሙኝም»። ለየብቻ እያቸው። ደመወዙ ከሆነ የሚያስለቅቅሽ፣ ልቀቂ፤ ማንም ሊወቅስሽ አይገባም። ቤተሰብ መርዳት ክህደት አይደለም። ግን አብዛኛው የባንክ ማስታወቂያ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት ወይም ኢኮኖሚክስ ነው የሚጠይቀው። ላንቺ የሚቀርብሽ በክረምት ሁለተኛ ዲግሪ መጀመር ነው። ባሕር ዳር ላይ ዩኒቨርሲቲው አለ፣ የዓሣ ምርምር ማዕከልም አለ። የሚያወጡትን ማስታወቂያ ከአሁኑ መከታተል ጀምሪ።

ልጆቹ አልሰሙኝም ብለሽ ከሆነ ግን በዚህ ድካም ላይ ሆነሽ አትወስኚ። አንድ ሴሚስተር ስጪው። ሰባውን ሁሉ እቀይራለሁ አትበዪ። አምስት ልጅ ምረጪ፣ የሰኞና የሐሙስ ውጤታቸውን ደብተር ላይ ያዢ። ሰኔ ላይ ደብተሩን ይዘሽ ጻፊልኝ፤ ባንኩንም ማስተርሱንም ያኔ አብረን እናየዋለን። የኋላው ልጅ ለምን እንደሚተኛ ግን ነገ በእረፍት ሰዓት፣ ብቻውን ጠርተሽ ጠይቂው።