ወሩን ስለ መዝጋት፦ የራሳቸውን ንግድ ለጀመሩ ወጣቶች

የራሳችሁን አነስተኛ ንግድ ለጀመራችሁ ወጣቶች፣

በሂሳብ ሥራ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜዬንም ያሳለፍኩት ባለቤቱ ራሱ ገዥም፣ ሻጭም፣ ገንዘብ ያዥም የሆነባቸውን የንግድ ቤቶች መዝገብ በማገላበጥ ነው። ከእነዚህ ባለቤቶች መካከል ጨርሶ የማይጽፉት ጥቂቶች ነበሩ። ብዙዎቹ ይጽፋሉ፤ የሚጎድላቸው የጻፉትን በየወሩ መጨረሻ ከመዝገቡ ውጭ ካለ ማስረጃ ጋር አስተያይቶ ወሩን መዝጋት ነው። ስለዚህ የዕለት ገቢና ወጪ እንዴት እንደሚጻፍ ትቼ ስለ መዝጋቱ ልንገራችሁ።

ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ በአንድ ወር መጨረሻ ላይ በመዝገቤ የሚታየው የባንክ ገንዘብ ከባንኩ ስቴትመንት (ባንኩ ከሚሰጠው የሂሳብ መግለጫ) በ40 ብር በልጦ ተገኘ። መሽቶ ስለነበርና ልዩነቱም ትንሽ ስለመሰለኝ፣ «ልዩ ልዩ ወጪ» ብዬ 40 መዘገብኩና ሁለቱን አስተካክዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከሁለት ወር በኋላ ዕዳውን እንዲከፍል ማስጠንቀቂያ የጻፍንለት ደንበኛ ተቆጥቶ መጣ፤ 8,600 በባንክ ሂሳባችን አስገብቶ ኖሯል፣ እኔ ግን አልመዘገብኩትም። ወደ ኋላ ስናገላብጥ ደግሞ በዚያው ወር ለአንድ አቅራቢ በቼክ የተከፈለ 8,640 በመዝገቡ ላይ አልነበረም፤ ዕዳው እንዳልተከፈለ ተቆጥሮም በማግስቱ ወር ሁለተኛ ጊዜ ከፍለነዋል። አንዱ ግድፈት መዝገቡን በ8,640 ከፍ፣ ሌላው በ8,600 ዝቅ ስላደረገው፣ ለዓይን የታየችው 40 ብቻ ነበረች። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤ በጽሑፍ የተደበቀ ስህተትም እንዲሁ ይወረሳል።

ከዚህ የተነሣ፣ በወሩ መጨረሻ ከምትሠሩት ሥራ ሁሉ የባንክ ማስታረቁን አስቀድሙ። ስቴትመንቱን አውጡ፤ እያንዳንዱን መስመር በመዝገባችሁ ካለው ጋር እያመሳከራችሁ በሁለቱም ላይ ምልክት አድርጉ። ምልክት ሳይደረግባቸው የቀሩት ናቸው ልዩነቱን የሚነግሯችሁ። ጽፋችሁ የሰጣችሁት ነገር ግን ተቀባዩ ገና ያልመነዘረው ቼክ፣ በወሩ የመጨረሻ ቀን አስገብታችሁ ባንኩ በማግስቱ የመዘገበው ገንዘብ፣ እነዚህ በጊዜ መቀዳደም የመጡ ስለሆኑ ተራቸውን ጠብቀው ይስተካከላሉ። ባንኩ የቆረጠው የአገልግሎት ክፍያ ወይም የጨመረው ወለድ ግን በእናንተ መዝገብ ላይ መግባት አለበት። ባለፈው ወር «ገና አልተመነዘረም» ያላችሁት ቼክ በሦስተኛውም ወር እዚያው ካለ፣ ስልክ ደውላችሁ ተቀባዩን ጠይቁ።

የተረፈው ልዩነት ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ፣ 540 ሊጻፍ 450 እንደተጻፈ ሁሉ፣ አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው እንደሆነ ፈትሹ። አለዚያም የልዩነቱን ግማሽ የሚያህል ቁጥር ፈልጉ፤ ወጪ ሆኖ ሳለ በገቢ በኩል ተጽፎ ሊሆን ይችላል። እነዚህ የድሮ ሂሳብ ሠራተኞች ዘዴዎች ናቸው፤ ሁልጊዜ አይሠሩም፣ ሲሠሩ ግን የግማሽ ቀን ድካም ያስቀራሉ።

የጣሊያኑ መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ በ1494 በቬኒስ ባሳተመው ሥራ የገለጸው፣ ነጋዴዎች ግን ከእሱ በፊትም ሲሠሩበት የነበረው የድርብ ምዝገባ ሥርዓት፣ እያንዳንዱን ድርጊት በዴቢት (በግራ) እና በክሬዲት (በቀኝ) በኩል ሁለት ጊዜ ስለሚያስጽፍ ብዙ ስህተት ራሱን እንዲያጋልጥ ያደርጋል። ይሁን እንጂ ጨርሶ ያልተጻፈን ነገር ሊያሳይ አይችልም፤ የእኔም መዝገብ ዴቢቱና ክሬዲቱ በትክክል እኩል ነበር። ዛሬ በኮምፒውተር የምትሠሩትም ይህን ልብ በሉ፦ ፕሮግራሙ ድምሩን አይስትም፣ ያልነገራችሁትን ግን አያውቅም።

የእጅ ገንዘብን በተመለከተ፣ ለጥቃቅን ወጪ የሚሆን ፔቲ ካሽ መጠኑን ቁርጥ አድርጋችሁ ያዙ። ሳጥኑ ውስጥ 3,000 እንዲኖር ከወሰናችሁ፣ በማናቸውም ሰዓት የቀረው ገንዘብና የተከማቹት ደረሰኞች ተደምረው 3,000 መምጣት አለባቸው። በሙቀት የሚታተሙ ደረሰኞች ከጊዜ በኋላ ቀለማቸው ስለሚጠፋ ፎቶ አንሥታችሁ ወይም ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ከባንኩ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዕቃ ክምችት ላይ ነው። በወሩ መጀመሪያ 60,000 የሚያወጣ ዕቃ የነበረው ሰው የ45,000 ዕቃ ጨምሮ ገዝቶ 80,000 ቢሸጥ፣ «80,000 ሸጥኩ፣ በ45,000 ገዛሁ፣ 35,000 አተረፍኩ» ይላል። መጋዘኑን ሲቆጥር ግን የቀረው የ50,000 ዕቃ ከሆነ፣ የተሸጠው ዕቃ የተገዛበት ዋጋ 60,000 እና 45,000 ተደምሮ 50,000 ሲቀነስለት የሚቀረው 55,000 ነው፤ ጥቅል ትርፉም 25,000 ብቻ ይሆናል፤ ያውም ኪራይና ደመወዝ ሳይነሣለት። ልዩነቱ የመጣው ከነባሩ ዕቃ የ10,000 ያህሉን ሳያውቀው ስለበላ ነው። ቆጠራ አሰልቺ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሁሉንም በየወሩ መቁጠር ካልቻላችሁ ዋጋቸው ከፍ ያሉትንና በፍጥነት የሚሸጡትን ቁጠሩ።

ትርፍና ገንዘብ አንድ እንዳልሆኑም በዚህ አጋጣሚ ላስታውሳችሁ። የብድር ክፍያ ስትፈጽሙ ወጪ የሚባለው ወለዱ ነው፤ ዋናው ገንዘብ ዕዳችሁን ይቀንሳል እንጂ ትርፋችሁን አይቀንስም። 120,000 የተገዛና 5 ዓመት የሚያገለግል መሣሪያም በተገዛበት ወር ሙሉውን ወጪ ቢደረግ ያን ወር በከንቱ ያከስረዋል፤ መጨረሻ ላይ ዋጋ የማይቀረው ከሆነ በእርጅና ተቀናሽ ለ60 ወር በየወሩ 2,000 ይያዝለታል። ከደንበኛ ተሰብስቦ ለመንግሥት የሚተላለፍ ታክስ ደግሞ አደራ ነውና ከሽያጫችሁ ጋር አትደምሩት።

ከንግዱ ለቤታችሁ የምትወስዱትን ገንዘብ «የባለቤት ወጪ» ተብሎ በሚጠራ ለብቻው በሆነ ሂሳብ መዝግቡት። አትውሰዱ አልልም፤ መውሰዳችሁ ግን ይታወቅ። በእኔ ልምድ፣ ወዴት እንደሄደ አልታወቀም የተባለ ገንዘብ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ የተገኘው በባለቤቱ ኪስ ነበር።

በዱቤ ለሸጣችሁላቸው ሰዎች ዝርዝር አውጡ፤ ከ30 ቀን በታች፣ ከ30 እስከ 60፣ ከ60 እስከ 90 እና ከዚያ በላይ የቆየውን ለየብቻው አድርጉት። ማስታወሻ ከመላካችሁ በፊት ግን ባንኩን ማስታረቃችሁን አረጋግጡ፤ ምክንያቱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ይህ ሁሉ ሲጠናቀቅ ወሩ ይዘጋል፤ ከተዘጋ በኋላ የተገኘ ስህተት በያዛችሁት ወር ቀንና ምክንያት ተጽፎበት በማስተካከያ ይገባል እንጂ ያለፈው አይፋቅም፣ አይደለዝም።

እስካሁን ሳትዘጉ የቆያችሁ ካላችሁ፣ ያለፈውን ዓመት ወረቀት ሁሉ ሳታጣሩ መጀመር እንደማትችሉ አታስቡ። በዚህ ወር የመጨረሻ ቀን ምሽት በእጃችሁ ያለውን ገንዘብ ቁጠሩ፣ የባንኩን ቀሪ ጻፉ፣ ዕቃውንና መሣሪያውን ዘርዝሩ፣ የሚከፈላችሁንና የምትከፍሉትን በስም አስፍሩ። ያለው ተደምሮ ዕዳው ሲነሣለት የሚቀረው የእናንተ መነሻ ካፒታል ነው፤ የማግስቱን የመጀመሪያ ሽያጭ ከእሱ በታች መጻፍ ትችላላችሁ።