አዳማ ላለው ቤተሰብ መኪና ስትገዙ ብሩን ከመላካችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ተቀበሉ

ውጭ ያላችሁ እህት ወንድሞቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ከአዳማ ነው። አሜሪካ ረጅም ዓመት ኖሬ ነው የተመለስኩት፤ ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም ወገን አየዋለሁ። እዚያ ድርብ ሥራ ሠርታችሁ ለአባት ወይም ለታናሽ ወንድም የመኪና መግዣ ስትልኩ ምን ያህል ደስ እንደሚላችሁ አውቃለሁ። እዚህ ደግሞ ያ ብር እንዴት እንደሚወጣ አያለሁ። ወንድም ከደላላ ጋር ይዞራል። የሚያምነውን መካኒክ ይዞ ሞተሩን ያስነሳል፣ ጭሱን ያያል፣ ቀለሙ መነካት አለመነካቱን በጣቱ እያንኳኳ ይፈትሻል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ ከዚያ ወደ ውል። ስለ ኤርባጉ፣ ግጭት ሲፈጠር ከመሪውና ከዳሽቦርዱ ውስጥ ተነፍቶ ሰውን ስለሚይዘው ከረጢት፣ ማንም አይጠይቅም።

ያንን ጥያቄ መጠየቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ኢንተርኔቱም እንግሊዝኛውም እናንተ ጋ ነው። ደግሞ እውነቱን እንነጋገርና፣ የምትደመጡት ብሩ እጃችሁ ላይ እስካለ ድረስ ነው። ውሉ ተፈርሞ፣ እናት እልል ብላ፣ ጎረቤት እንኳን ደስ ያላችሁ ካለ በኋላ “ያቺ መኪና ኤርባጓ ችግር አለበት” ብትሉ ሰው ቅር ይለዋል እንጂ አይሰማችሁም።

ችግሩ ምንድን ነው? ታካታ የሚባል የጃፓን ኩባንያ ነበር፤ ለብዙ የመኪና ፋብሪካዎች ኤርባግ ያቀርብ ነበር። ከኤርባጉ ከረጢት ጀርባ አንድ ትንሽ የብረት ማቀፊያ አለ። ግጭት ሲፈጠር በውስጡ ያለው ኬሚካል ተቃጥሎ ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙም ዓይን እስኪርገበገብ ባለ ጊዜ ከረጢቱን ይነፋል። ታካታ የተጠቀመው አሞኒየም ናይትሬት ነው። ሙቀትና እርጥበት ለዓመታት ሲፈራረቁበት ይህ ኬሚካል ይበላሻል፤ ያን ጊዜ ከሚገባው በላይ ፈጥኖ ይነድና የብረቱን ማቀፊያ ራሱን ያፈነዳዋል። ስብርባሪው ከረጢቱን ቀዶ ወደ ሹፌሩ ፊትና አንገት ይወረወራል። አሜሪካ ውስጥ ብቻ በዚህ 28 ሰው መሞቱ ተረጋግጧል፣ ቢያንስ 400 ቆስሏል። በጣም የሚያሳዝነው፣ ከእነዚህ አንዳንዶቹ በቀላል ግጭት፣ ከመኪናው ወርደው በእግራቸው መሄድ በሚችሉበት ግጭት የሞቱ መሆናቸው ነው። እዚያው አሜሪካ 67 ሚሊዮን ገደማ ኤርባግ ይቀየር ተብሎ ሪኮል፣ ማለትም ጉድለት ያለበትን መኪና አምጡና በነፃ ይጠገን የሚል የፋብሪካ ጥሪ፣ ወጣ። ታካታም በ2017 ከሰረ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)።

“እኔ ያለሁበት አገር ይህ ያለቀ ጉዳይ ነው” እንዳትሉ። በጃንዋሪ 2024 ቶዮታ ራሱ አሜሪካ ውስጥ 50 ሺህ ለሚሆኑ መኪኖች ባለቤቶች “እስኪጠገን ድረስ አትንዱት” ብሏል። የትኞቹ መሰሏችሁ? የ2003 እና 2004 ኮሮላና ማትሪክስ፣ የ2004 እና 2005 ራቭ4። አዲስ የገባ ሐበሻ በመጀመሪያ ደመወዙ የሚገዛው ኮሮላ ማለት ነው። ከ2001 እስከ 2003 የተሠሩ አንዳንድ ሆንዳዎች ደግሞ ይብሳሉ፤ ኤንኤችቲኤስኤ የሚባለው የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በ2016 እንዳለው፣ ኤርባጋቸው በግጭት ሲከፈት የመፈንዳት ዕድሉ እስከ 50 በመቶ ይደርሳል። እንዲህ ያለ መኪና የምትነዱ ከሆነ ይህን አንብባችሁ ሳትጨርሱ የሻንሲ ቁጥሩን፣ እዚያ ቪን (VIN) የሚባለውን፣ የኤንኤችቲኤስኤ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ እዩ። ጥገናው በነፃ ነው። መኪናው አርጅቷል፣ ሦስተኛ ባለቤት ነኝ ብላችሁ አታፍሩ። የሚያስከፍላችሁ የለም።

ወደ አዳማ ልመለስ። አንዳንድ ሰው “አዳማ እኮ ደረቅ ነው፣ እርጥበት ከየት ይመጣል?” ይለኛል። ልክ ነው፣ አዳማ ደረቅ ነው። መኪናው ግን አዳማ አልተወለደም። እዚህ የሚዞረው ያገለገለ መኪና ብዙው በዱባይና በሻርጃ ያለፈ ነው፤ የባሕረ ሰላጤው ሙቀትና ወበቅ ለዓመታት የተቀመጠበት ነው። ከዚያ በመርከብ ጅቡቲ ወርዶ ወደብ ላይ ፀሐይ ይመታዋል። የተበላሸ ኬሚካል ደረቅ አየር ስላገኘ አይድንም። በዚያ ላይ ከ2024 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ፣ አገር ውስጥ ያሉት መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ማርጀታቸውን ይቀጥላሉ።

እንግዲህ ቁጥሩ። ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥር አለ። ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩላችሁ። መኪናው ላይ የተቀረጸውንም ለብቻ ያንሱት፤ ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል፣ ሌላ መኪና ይፈለግ። ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ከሆነ ለአሜሪካ፣ ለአውሮፓ ወይም ለዓረብ አገር ገበያ የተሠራ ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የኤንኤችቲኤስኤ መፈለጊያ የሚያውቀው ለአሜሪካ ገበያ የተሠራውን ነው። የዱባይ ያሪስ ቁጥር አስገብታችሁ “ምንም ሪኮል የለም” ቢላችሁ ነፃ ናት ማለት አይደለም። ቶዮታ በአውሮፓ የራሱ መፈለጊያ አለው፣ ጃፓንም አለው፤ መኪናው ለተሠራበት ገበያ የሚሆነውን ተጠቀሙ፣ ካልሆነም የሻንሲ ቁጥሩን ይዛችሁ አዲስ አበባ ያለውን የቶዮታ ወኪል ሞኤንኮን አስጠይቁ።

ቁጥሩ አጭር ሆኖ እንደ ኬኤስፒ90 ወይም ኤስሲፒ10 በመሰለ ምልክት ከጀመረና መሐሉ ላይ ሰረዝ ካለው ግን ለጃፓን ገበያ የተሠራ ቪትዝ ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ጃፓን መሪ በቀኝ ነው። ያቺ ቪትዝ አዳማ ላይ በግራ መሪ የምትነዳ ከሆነ አንድ ቦታ ዳሽቦርዷ ወልቆ መሪዋ ተገልብጧል ማለት ነው። ያንን የሠራው ሰው ኤርባጉን መልሶ በትክክል አገናኝቶታል ወይ? እኔ በወረቀት ካላየሁ አላምንም። ጃፓኖች ራሳቸው እኮ ከሜይ 2018 ጀምሮ የታካታ ኤርባጋቸው ያልተቀየረላቸውን አደገኛ የተባሉ መኪኖች ቴክኒክ ምርመራ አናሳልፍም ብለዋል። እኛ ጋ ቦሎ ተለጥፏል ማለት ሪኮሉ ተሠርቷል ማለት አይደለም።

እዚሁ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ አንድ ቪትዝ ለማየት ከአጎቴ ልጅ ጋር ሄጄ ነበር። ንጹሕ ናት፣ የሴት እጅ ናት፣ ተባልን። ቁልፉን ግማሽ ድረስ አዙር፣ ሞተሩን ግን አታስነሣ አልኩት። የዘይቱ መብራት በራ፣ የባትሪው በራ፣ የሞተሩ በራ። የኤርባጉ፣ ያ የተቀመጠ ሰውና ከፊቱ ክብ ነገር ያለበት ቀይ ምልክት፣ ጭራሽ አልበራም። ደላላው “አልበራም ማለት እኮ ጤነኛ ናት ማለት ነው” አለን። አይደለም። ያ መብራት ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ ችግር አለ፤ ጨርሶ ካልበራ ደግሞ ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይ የነቀለው ወይም የሸፈነው ሰው አለ። ከዚያ የጋቢናውን ዳሽቦርድ አየሁ። ጸጉራም ምንጣፍ ተለብጦበታል። ጠርዙን ገለጥ ሳደርገው ክዳኑ ተቆርጦ በማስቲሽ ተሞልቶ በጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ኤርባጉ አንድ ጊዜ በግጭት ተከፍቷል፣ ምትኩ አልገባም። የአጎቴ ልጅ ደላላውን አመስግኖ ሄድን።

መብራቱን የሚያታልሉም አሉ። በኤርባጉ ቦታ ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ ያስገቡና መብራቱ ደህና እንደሆነ አድርጎ ይበራል፣ ይጠፋል። ስለዚህ ወንድማችሁ ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ወስዶ ያስመርምር፣ የመሪው መሐል ክዳንና የዳሽቦርዱ ቀለም ከሌላው ጋር መመሳሰሉን በቀን ብርሃን ይይ። ከገበያ ላይ ርካሽ ኤርባግ ገዝቶ ማስገባትም መፍትሔ አይደለም። በ2024 ኤንኤችቲኤስኤ ስለዚሁ አስጠንቅቋል፤ ጥራት የሌላቸው ተተኪ ኤርባጎች ያገለገሉ መኪኖች ውስጥ ገብተው ሰው ገድለዋል።

የአዳማ ሰው ደግሞ ፈጣን መንገድ ይወዳል። አዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ገባሁ ማለት ኩራት ነው። በዚያ ፍጥነት ላይ የምትፈተነው መኪና ይህቺው ናት። ቀበቶ ሲነገር ደግሞ ክፍያው በር ላይ ትራፊክ ሲታይ ብቻ ይታሰራል፣ ካለፉ በኋላ ይፈታል። ኤርባግ ቀበቶ ላሰረ ሰው የተሠራ ነው። ያላሰረውን ሰው ገና ወደፊት ሲወረወር ያገኘውና ራሱ ይመታዋል። ሕፃን ጋቢና ላይ ታቅፎ መቀመጡ ይበልጥ ያስፈራኛል፤ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቦታው ከኋላ ነው። እናቶች ይቆጣሉ፣ “እኔ እያለሁ ምን ይሆናል” ይላሉ። ፊት ለፊት ኤርባግ ካለ የእናት ክንድ አያግደውም። ይህን እኛ ከዚህ ስንናገር “ተማርኩ ባይ” እንባላለን፣ ከውጭ ስትደውሉ ግን ይሰማችኋል። ያንንም ተጠቀሙበት። የዳሽቦርድ ምንጣፉንም ይንቀሉት፤ የጋቢናው ኤርባግ የሚወጣው ከሥሩ ነው።

አሁን እየገቡ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከዚህ ጥያቄ አያመልጡም። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ሪኮሉ የሚወጣው በቻይንኛ ነው፤ ስለዚህ ሻጩ የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ ከፋብሪካው በጽሑፍ ማረጋገጫ እንዲያመጣ ጠይቁ። አላመጣም ካለ ያላመጣበትን ምክንያት እናንተም ትገምታላችሁ።

መኪናው ቀድሞ ተገዝቶ ሪኮሉ እንዳልተሠራለት ብታገኙስ? መጀመሪያ ሳትቆጡ ደውሉ፤ ወንድማችሁ ሆን ብሎ አላደረገውም። ሪኮሉ የጋቢናው ከሆነ እዚያ ወንበር ላይ ሰው አይቀመጥ። የሹፌሩ ከሆነና ፋብሪካው አትንዱት ያለው ዓይነት ከሆነ መኪናው ይቁም፤ ባጃጅ አለ፣ ታክሲ አለ። የሰፈር ኤሌክትሪሽያን “ልንቀልልህ” ቢል አይፈቀድለት፤ ያ ዕቃ ፈንጂ ነገር ነው፣ እጁ ላይ ይከፈትበታል። ዕቃውን ከውጭ በሻንጣ ልላክ ብላችሁም አታስቡ፤ ኤርባግ በአውሮፕላን ሻንጣ አይጫንም። ወኪሉ ጋ በሻንሲ ቁጥሩ ትዕዛዝ ይግባ። ሲቀየር ደግሞ የተቀየረበትን ወረቀት ተቀብለው ከሊብሬው ጋር ያስቀምጡት፤ አንድ ቀን ሲሸጡት የሚቀጥለው ገዢ የሚጠይቀው እሱን ነው።