መጀመሪያ ካርታውን ዘርጉ

ልጆች፣ እኔ የታሪክ መምህር አይደለሁም። ሥራዬ ቅየሳ ነበር፤ ዕድሜዬን መሬት ስለካ ነው የኖርኩት። ምክሬም ከዚያው ወገን ነው።

እዚህ አሜሪካ የምትማሩ ልጆች አገሪቱ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ስለነበረችበት ዘመን ስታጠኑ አያለሁ። «ሰሜን፦ ዓሣና መርከብ። መካከል፦ ስንዴ። ደቡብ፦ ትምባሆና ሩዝ።» ትሸመድዳላችሁ፣ ትፈተናላችሁ፣ በሳምንቱ ትረሱታላችሁ። ካርታውን አስቀድማችሁ ብትዘረጉ ግን ግማሹ ሽምደዳ ይቀርላችሁ ነበር።

ከቨርጂኒያ ልጀምር፤ አበሻ የማያጣት አሌክሳንድሪያም እዚያው ናት። ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የሚፈሱትን ጄምስን፣ ዮርክን፣ ራፓሃኖክንና ፖቶማክን በካርታው ላይ ተመልከቱ። ሰፊና ጥልቅ ስለሆኑ የባሕር መርከብ ሳይቀር ወደ መሀል አገር ይዘልቅባቸዋል። ወንዝ ዳር ርስት ያለው ሰው ትምባሆውን ከደጁ ይጭናል፤ ከለንደን ያዘዘውን ዕቃም እዚያው ይረከባል። ታዲያ ከተማ ምን ያደርግለታል? በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቨርጂኒያ ውስጥ ይህ ነው የሚባል ትልቅ ከተማ ያልነበረው በዚህ ነው። ምክር ቤቱ ከተማ ይቆርቆር እያለ ሕግ ቢያወጣም ብዙም አልሆነለትም። ከወንዝ የራቀው ደግሞ ትምባሆውን በትልቅ የእንጨት በርሜል ይጠቀጥቃል። በርሜሉ ግማሽ ቶን ገደማ ይመዝናል። በጎኑ አጋድመው እያንከባለሉ ወደ ወንዙ ያወርዱታል። አሌክሳንድሪያ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1749 የተቆረቆረችው የትምባሆ መጋዘን በነበረበት ቦታ ነው።

ትምባሆ ግን አፈር ይጨርሳል። ሦስት አራት ዓመት ከተተከለበት መሬቱ ይዝላል። ተካዩ አዲስ መሬት ይፈልጋል፤ አዲሱ መሬት ደግሞ ባለቤት አለው፤ ፓውሃታኖችና ሌሎች ነባር ሕዝቦች። መማሪያ መጽሐፉ ይህን በአንድ መስመር ቢያልፈው እናንተ እንዳታልፉት። ጆርጅ ዋሽንግተን እንኳ በ1760ዎቹ ትምባሆውን ትቶ ወደ ስንዴ ዞሯል።

ሰሜኑ፣ ኒው ኢንግላንድ የሚባለው፣ መሬቱ ፍጹም ሌላ ነው። የጥንቱ ግግር በረዶ ድንጋዩን በትኖበት ነው የሄደው። ገበሬው ድንጋይ ሲለቅም ይኖራል፣ የለቀመውንም አጥር ያደርገዋል። ክረምቱ ረጅም ስለሆነ እርሻው ቤተሰብ ቢቀልብ ነው፤ ለለንደን ገበያ የሚተርፍ ነገር የለውም። ባሕሩ ግን ያኔ ኮድ በሚባል ዓሣ የተሞላ ነበር። ጫካው ደግሞ ለመርከብ ምሰሶ የሚሆን ነጭ ጥድ አለው። እዚያው ኒው ኢንግላንድ ያለችው ማሳቹሴትስ በ1691 ከንጉሡ ያገኘችው ቻርተር፣ ማለትም የመተዳደሪያ ሰነድ፣ በግል ይዞታ ባልሆነ መሬት ላይ የበቀለ፣ ውፍረቱ 24 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ ዛፍ ሁሉ የንጉሡ ነው ይላል። ዛፍ በኢንች የሚለካ ንጉሥ! ለባሕር ኃይሉ ነው።

እዚህ ላይ «ሰሜኑ ከባርነት ንጹሕ ነበር» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ዓሣውን ተከተሉ። ጥሩ ጥሩው ወደ አውሮፓ ይሄዳል። የማይረባው ወደ ካሪቢያን የስኳር ደሴቶች ይላክና የባሮች ቀለብ ይሆናል። መርከቡ ሞላሰስ የሚባለውን የስኳር ተረፈ ምርት ጭኖ ይመለሳል፤ ሞላሰሱ ቦስተን ላይ ሩም የሚባል አረቄ ይሆናል። ባርነት ራሱም ማሳቹሴትስ ውስጥ ሕጋዊ ነበር።

መካከለኞቹን ብዙ አልዘበዝብም። ጥሩ አፈር፣ ስንዴ፣ ዱቄት፣ ፊላደልፊያ። በቃ።

ከሁሉ የምፈልገው ግን ደቡቡን እንድታዩልኝ ነው። ሳውዝ ካሮላይና ረግረጋማ ናት፤ ሩዝ ይስማማታል። ሩዙን ያለሙት በግዳጅ የመጡ አፍሪካውያን ናቸው። ብዙዎቹ ሩዝ ከሚመረትበት የምዕራብ አፍሪካ ክፍል የተወሰዱ ስለነበሩ ሥራውን ያውቁት ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በቁጥር ነጮቹን በልጠዋል። ይሄኔ «እንግዲህ መሬቱ ነው ያስገደዳቸው» ማለት ይመጣል። ቆይ! ከሳቫና ወንዝ ማዶ ጆርጂያ አለች። ያው ረግረግ፣ ያው ሙቀት፣ ያው ወባ። ግን በ1735 የወጣው ሕግ ባርነትን ከልክሎባት ነበር። መሬቱ አልተለወጠም፤ ሰፋሪዎቹ ግን የማዶውን ትርፍ እያዩ ለዓመታት ወተወቱ። በ1751 ክልከላው ተነሣ። ሩዙም ባርነቱም ወንዙን ተሻግሮ ገባ።

መምህራችሁ ጆርጂያን ካላነሣላችሁ፣ እጃችሁን አውጥታችሁ እናንተ ጠይቁት።