ያረጀ ስልክና የተነካካ ዋትስአፕ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ለዚህ እትም ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ናቸው፦ ስልኩ አርጅቷል፣ ዋትስአፕ እምቢ ብሏል፣ ሞባይል ቤቱ ደግሞ «ጂቢውን ልጫንልህ» ብሏል። ጂቢ ማለት ሌሎች ሰዎች ነካክተው ያወጡት ዋትስአፕ ነው፤ እንዲህ ያለው አፕ በጥቅሉ «ሞድ» ይባላል። የጠያቂዎችን ስም ትተን ሰፈራቸውን ብቻ ጠቅሰናል።

ጥያቄ፦ ከታይዋን ገበያ የገዛሁት ጋላክሲ ኤስ 4 ሴቲንጉ ላይ አንድሮይድ 10 ይላል፤ ዋናው ዋትስአፕ ግን አልጫን አለ። የሞባይል ቤቱ ልጅ ጂቢ ዋትስአፕ በዜንደር ላከልኝ። ሦስት ሳምንት ከሠራ በኋላ «አዲሱን ስሪት ይጫኑ» እያለ ቆመ። ሌላ ጂቢ ባስጭን ይሻላል? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ አይሻልም። ከጂቢው በፊት ግን ያንን «10» እንመርምረው። እውነተኛው ኤስ 4 እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ አንድሮይድ 4.2.2 ይዞ ነበር፤ ሳምሰንግ ራሱ ያደረሰው እስከ 5.0.1 ነው። እርስዎ ጋ 10 የሚል ከሆነ ወይ ሌላ ሶፍትዌር ተጭኖበታል፣ ወይ ስልኩ ፎርጅድ ነው። ፎርጅድ ስልክ ላይ የሚቀየረው ጽሑፉ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሲስተም 4.2 ወይም 4.4 ሆኖ ይቀራል።

ለማጣራት ምንም መጫን አያስፈልግም። ሴቲንግ ውስጥ «ስለ ስልኩ» የሚለውን ይክፈቱና የአንድሮይድ ስሪት የተጻፈበትን መስመር በፍጥነት አራት አምስት ጊዜ ይንኩ። ሥዕል ይመጣል። ትልቅ «ኬ» ፊደል ከሆነ 4.4 ነው፤ ፊት ያላት ጄሊ ከረሜላ ከሆነች ከ4.1 እስከ 4.3 ነው፤ ሎሊፖፕ ከሆነ 5 ነው። ቁጥሩን የቀየረው ሰው ሥዕሉን መቀየር አብዛኛውን ጊዜ ይረሳል። ከዚያ በኋላም ከተጠራጠሩ ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን አፕ ይጫኑና የኤፒአይ ቁጥሩን ይዩ፦ 17 ማለት 4.2፣ 19 ማለት 4.4፣ 21 ማለት 5.0 ነው። እዚያው ላይ የፕሮሰሰሩ ስም ኤምቲ 65 ብሎ የሚጀምር ከሆነ ሚዲያቴክ ነውና ስልኩ ፎርጅድ ነው፤ እውነተኛው ስናፕድራጎን ወይም ኤክሲኖስ ነው የሚያሳየው።

ዋትስአፕ ከኦክቶበር 24 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንድሮይድ 5.0 በታች መደገፉን አቁሟል። ይህ መስመር ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ወደ ታች አይወርድም። አይፎን የያዙትንም ነክቷል፦ ከሜይ 2025 ወዲህ ከአይኦኤስ 15.1 በታች አይሠራም፤ ስለዚህ 5ኤስ፣ 6 እና 6 ፕላስ ወጥተዋል።

አሁን ወደ ጂቢው። ጂቢ፣ ኤፍኤም፣ ዮ የሚባሉት ከባዶ የተጻፉ አይደሉም። ዋናውን የዋትስአፕ ፋይል ፈትተው፣ ቀለምና ምርጫ ጨምረው፣ በራሳቸው ፊርማ (የአፑን ሠሪ በሚለይ ዲጂታል ማኅተም) መልሰው ያሸጉት ናቸው። ስለዚህ ዋናው የሚጠይቀውን አንድሮይድ እነሱም ይጠይቃሉ። አሮጌ ስልክ ላይ እሺ ብሎ የሚጫነው ጂቢ ከድሮ ስሪት የተሠራ ነው፤ ለሰርቨሩ (ለዋትስአፕ ዋና ኮምፒውተር) የሚናገረው የስሪት ቁጥር ብቻ ተነካክቶ «አዲስ ነኝ» ይላል። ሰርቨሩ የሚቀበለውን ዝቅተኛ ቁጥር ከፍ ያደረገ ዕለት የእርስዎ ሦስት ሳምንት አለቀ ማለት ነው። የአንድሮይድ መስፈርቱን በእጃቸው ዝቅ አድርገው የሚያሽጉም አሉ። እሱ ይጫናል፤ ሲከፍቱት ግን ወዲያው ይዘጋል፣ አፑ የሚጠራቸው የሲስተም ክፍሎች 4.4 ውስጥ የሉምና።

ሲጫን የሚመጣውን መልዕክትም ይለዩት። «ፓርስ» የሚል ስህተት ወይ አንድሮይዱ ዝቅ ብሏል፣ ወይ ፋይሉ በዜንደር ሲላክ ተቆርጧል ማለት ነው። «አፕ ኖት ኢንስቶልድ» ብዙ ጊዜ የፊርማ ግጭት ነው፤ ዋናው ዋትስአፕ ስልኩ ላይ እያለ ተመሳሳይ ስም ያለው በሌላ ፊርማ አይደረብበትም። ሞባይል ቤቱ ያኔ ዋናውን አጥፍቶ ሞዱን ይጭናል፤ ያልተቀመጠ ቻትዎም አብሮ ይሄዳል።

ስለ ደኅንነቱ ሰው ሁሉ «ቫይረስ አለው» ይላል፤ እኛ በስሙ እንጥራው። እ.ኤ.አ. በ2021 የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያው ካስፐርስኪ ኤፍኤም ዋትስአፕ 16.80.0 ውስጥ ትሪያዳ የተባለ ትሮጃን (ተደብቆ የሚገባ ጎጂ ፕሮግራም) አግኝቷል፤ በ2022 ደግሞ አንድ የዮ ዋትስአፕ ስሪት የተጠቃሚውን የመግቢያ ቁልፍ ሲሰርቅ ይዟል። ትሪያዳ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲገለጥ በተለይ የሚያሰጋው አንድሮይድ 4.4.4ንና ከዚያ በታች ያለውን ነበር። የእርስዎ ስልክ ከሥሩ 4.2 ወይም 4.4 ከሆነ፣ ትሪያዳ የሚገባበት ቀዳዳ እስከ ዛሬ አልተደፈነም። በዚያው ስልክ ቴሌብር የሚጠቀሙ ከሆነ ሞዱን ዛሬውኑ ከስልኩ ያጥፉት።

ጥያቄ፦ ጂቢ ዋትስአፕ «ለጊዜው ታግደዋል» ብሎ ሰዓት ይቆጥራል። እናቴ ከጅዳ የላከችልኝ የድምፅ መልዕክቶች ውስጡ ናቸው። ሳይጠፉ ወደ ዋናው መመለስ ይቻላል? (ከሐረር፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ ይቻላል፤ እስከዚያው ግን ምንም አፕ አያጥፉ። የድምፅ መልዕክቶቹ አልተቆለፉም፤ እገዳው እየቆጠረም ቢሆን መቅዳት ይችላሉ። ፋይል ማኔጀር ከፍተው ጂቢዋትስአፕ የሚለውን ፎልደር ይፈልጉ (አንድሮይድ 11ና ከዚያ በላይ ከሆነ «አንድሮይድ» ውስጥ፣ «ሚዲያ» ውስጥ ነው)። ውስጡ «ሚዲያ»፣ ከዚያ «ቮይስ ኖትስ» አለ። ድምፆቹ በዓመትና በሳምንት ቁጥር የተሰየሙ ፎልደሮች ውስጥ ተከፋፍለው ይገኛሉ፤ ለምሳሌ 202315 ማለት የ2023 እ.ኤ.አ. 15ኛ ሳምንት ነው። ሁሉንም ወደ ሚሞሪ ካርድ ወይም ኮምፒውተር ይቅዱ። ፋይሎቹ ኦፐስ የሚባሉ ናቸው፤ ቪኤልሲ ያጫውታቸዋል።

ጽሑፉ ግን የተቆለፈ ነው፤ ቁልፉም የእርስዎ ፋይል ማኔጀር በማያየው ቦታ ተቀምጧል። ስለዚህ ቆጠራው እስኪያልቅ ይጠብቁ። ሲያልቅ ጂቢውን ከፍተው ሴቲንግ፣ ቻትስ፣ ቻት ባክአፕ ገብተው ባክአፕ ያድርጉ። ቀጥለው የፎልደሩን ስም ከጂቢዋትስአፕ ወደ ዋትስአፕ ይቀይሩ፤ በውስጡ ጂቢ ብለው የሚጀምሩትንም እንዲሁ። አንድሮይድ 11ና ከዚያ በላይ ከሆነ ጂቢው ሲጠፋ ፎልደሩም አብሮ ሊጠፋ ስለሚችል አስቀድመው ቅጂውን ሌላ ቦታ ያስቀምጡ። ከዚያ ጂቢውን ያጥፉ፣ ዋናውን ከፕሌይ ስቶር ወይም ከራሱ ከዋትስአፕ ድረ ገጽ ይጫኑ፣ በዚያው ስልክ ቁጥር ይግቡ። ፋይል የማየት ፈቃድ ሲጠይቅ ይስጡት፤ ካልሰጡት ባክአፑን አያገኘውም። «ሪስቶር» ሲል ይንኩ። ጥያቄው አንዴ ነው የሚመጣው፤ በስህተት «ስኪፕ» ካሉ አፑን አጥፍቶ መልሶ መጫን ነው።

አንዳንዴ ጽሑፉ አይመለስም፤ ዋትስአፕም ከሞድ የመጣ ቻት ይመለሳል ብሎ ዋስትና አይሰጥም። ድምፁን አስቀድመው ይቅዱ ያልነው ለዚህ ነው። በእገዳው ሰዓት ሌላ ሞድ መሞከር ግን ቁጥሩን ለዘለቄታው ሊያሳግድ ይችላል።

ጥያቄ፦ ዋትስአፕ «የስልክዎ ቀን ትክክል አይደለም» ይላል፤ ድረ ገጾችም አይከፍቱም። ስልኩ አርጅቶ ነው? (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

መልስ፦ ምናልባት የስልክዎን ቀን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ሞልተውት ይሆናል። ዓመቱ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሲሄድ ስልኩ የድረ ገጾቹን የደኅንነት ሰርተፊኬት «ገና ያልተሰጠ» ብሎ ይቆጥረዋል፤ ይዘጋል። ዓመቱን በአውሮፓ ይሙሉት። ሰዓቱን በእጅ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መግፋትም በየ30 ሰከንዱ የሚቀየሩትን የማረጋገጫ ኮዶች ያበላሻል።

ሰዓቱን በሀገርኛ ማየት ከፈለጉ ሌላ መንገድ አለ። «አውቶማቲክ ቀንና ሰዓት» ይብራ፣ «አውቶማቲክ ታይም ዞን» ይጥፋ፣ ታይም ዞኑን ቦነስ አይረስ ያድርጉት። ከእኛ በትክክል ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስልኩም 1:00 ይላል፣ ቀኑም የሚቀየረው ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ይሆናል። አፑ ከውስጥ የሚያየው ሰዓት ስላልተነካ ምንም አይከፋውም። ሰዓቱ ተስተካክሎም አንዳንድ ድረ ገጽ እምቢ ካለ፣ ከ7.1.1 በታች ያሉ አንድሮይዶች የማያውቁት አዲስ የሰርተፊኬት ሥር (ሌሎች ሰርተፊኬቶች የሚረጋገጡበት መነሻ) ነው ምክንያቱ፤ የራሱን ዝርዝር ይዞ የሚመጣው ፋየርፎክስ፣ ለስልክዎ የሚስማማ ስሪት ካገኙ፣ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል።

ጥያቄ፦ እውነተኛ ኤስ 4 ነው ያለኝ። ላይኔጅ የሚባለውን፣ ሳምሰንግ ያልሠራውን አንድሮይድ ብጭንበት ይድናል? (ከሐረር፣ ጁገል)

መልስ፦ የሞዴል ቁጥሩ አይ9505 ከሆነ ላይኔጅ 18.1 (አንድሮይድ 11) ተሠርቶለታል። ስልኩን አጥፍተው ድምፅ መቀነሻውን፣ ሆምንና ፓወርን አንድ ላይ ይጫኑ፤ የሳምሰንግ የማስጠንቀቂያ ገጽ ካልመጣና በቻይንኛ የተጻፈ ዝርዝር ከወጣ አይንኩት፣ ፎርጅድ ላይ የተጫነ ሶፍትዌር ስልኩን ይገድለዋል። እውነተኛ ከሆነ ከምንም በፊት ቲደብሊውአርፒ በሚባለው ሶፍትዌር መጫኛና ባክአፕ ማድረጊያ ኢኤፍኤስ የሚለውን ክፍል ባክአፕ ያድርጉ፤ እሱ ከጠፋ አይኤምኢአዩ (የስልኩ መለያ ቁጥር) ይጠፋል፣ ሲምም አይሠራም። መብራት ስለሚሄድ ዴስክቶፕ ሳይሆን ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ይጠቀሙ። የስልኩንም ባትሪ አውጥተው ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ያሽከርክሩት፤ እንደ እንዝርት ከዞረ አብጧልና አይሙሉት። የድሬ ሙቀት ይህን ያፋጥናል፣ ሐረር ትንሽ ይሻላል።

ራስዎ የሚሠሩት ከሆነ ያዋጣል። ለሠራተኛ የሚከፍሉ ከሆነ ግን አያዋጣም፤ 2 ጊጋ ራም ስላለው አንድሮይድ 11ን እየጎተተ ነው የሚሄደው።

ጥያቄ፦ የተሻሻለ ቴሌግራምስ? እሱም ያሳግዳል? (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ ቴሌግራም ሌሎች በራሳቸው አፕ እንዲገናኙ በይፋ ስለሚፈቅድ በዚህ ብቻ አያግድም። አፑን የሠራው ሰው ግን መልዕክትዎን በሙሉ ማየት ይችላል። ሞክረው ከተዉት አፑን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ከሌላ ስልክ ሴቲንግ፣ «ዲቫይስስ» ገብተው ያንን መግቢያ ይዝጉት። ይህን ከቆየ መግቢያ ላይ ያድርጉት፤ አዲስ የገባ ስልክ ለመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሌሎቹን ማስወጣት አይችልም።