የላይብረሪ ዶክመንቴሽን ከቢልዱ ጋር፦ ጥያቄና መልስ

ዶክሲጅንን (ከኮድ ኮሜንቶች ዶክመንቴሽን የሚያወጣውን ፕሮግራም) ከሲሜክ (ቢልዱን ከሚያቀናብረው መሣሪያ) ጋር አቀናጅታችሁ የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ የምትሠሩ ልጆች ብዙ ጠይቃችኋል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክሲጅንን የማስነሳው በራሴ ስክሪፕት ነው። ሌላ መንገድ የለም?

መልስ፦ አለ እንጂ። ከሲሜክ 3.9 ጀምሮ «ዶክሲጅን አድ ዶክስ» የሚባል ፋንክሽን አብሮ ይመጣል። የኮንፊግ ፋይሉን ራሱ ይጽፍልሃል። የላይብረሪውን ስምና ቨርዥንም ከፕሮጀክቱ ላይ ይወስዳል።

ጥያቄ፦ ምንም ሳልነካ እንኳ ዶክመንቴሽኑን ከዜሮ ያወጣል። ሰለቸኝ!

መልስ፦ ከ3.16 ወዲህ «ዩዝ ስታምፕ ፋይል» የሚል አማራጭ አለ። ፋይሎቹ ካልተቀየሩ ዳግም አይሠራም። ግን ፎልደር ሰጥተኸው መገላገል አትችልም፣ ፋይሎቹን አንድ በአንድ መዘርዘር አለብህ። እኔ ይህን እንደ ጥቅም ነው የማየው። ተጠቃሚው የሚያያቸውን ሄደሮች (የፋንክሽኖቹ መግለጫ ያለባቸውን ፋይሎች) ብቻ ትዘረዝርና የውስጥ ኮድህ ገመና ሳይወጣ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ዶክመንቴሽናችን ከኮዱ ጋር አይገጥምም። ሪቪው ላይ (ኮዱን ሌላ ሰው ሲገመግመው) ማንም አያየውም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሰው ካላየው ቢልዱ ይየው። ኮኔክት የሚል ፋንክሽን አለህ እንበል። ኮሜንቱ «ፓራም ታይምአውት» ይላል። አንዱ ልጅ መጥቶ የፓራሜትሩን ስም ወደ ዴድላይን ቀየረውና ኮሜንቱን ረሳው። ኮምፓይለሩ በተለመደው አሠራር ዝም ይላል። ዶክሲጅን ግን «እንዲህ የሚባል ፓራሜትር የለም» ብሎ ዋርኒንግ ያወጣል። ችግሩ፣ ያ ዋርኒንግ ከብዙ መስመር ሎግ መሃል ይቀበራል።

ስለዚህ «ዋርን አዝ ኤረር» የሚለውን የዶክሲጅን ሴቲንግ አብራው። «የስ» ካልከው የመጀመሪያው ዋርኒንግ ላይ ቀጥ ይላል። አሮጌ ኮድ ላይ ይህ ያበሳጫል፤ አንዱን ስታርም ሌላው ብቅ ይላል። «ፌይል ኦን ዋርኒንግስ» በለው። እስከ መጨረሻው ሄዶ ሁሉንም ካሳየህ በኋላ ነው ቢልዱን የሚጥለው። ሲአይ ላይ (ኮድ በገባ ቁጥር ቢልዱን በራሱ የሚያስኬደው ሲስተም ላይ) ይህን አስገባ፣ ሪቪው ላይ መጨቃጨቅ ይቀራል።

አንድ ወጥመድ አለ። «ኤክስትራክት ኦል» (ኮሜንት የሌለውንም ሁሉ አውጣ የሚለው ሴቲንግ) በርቶ ከሆነ ምንም ኮሜንት የሌላቸው ፋንክሽኖች ላይ ዋርኒንግ አይሰጥም። ገጹ ሙሉ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ብዙ ሰው ገጹ እንዲሞላለት ብሎ ያበራዋል። አጥፋው።

ጥያቄ፦ የእኔ ማሽን ላይ ቶሎ ያልቃል፣ ሰርቨሩ ላይ ግን ይንቀራፈፋል።

መልስ፦ ሰርቨሩ ላይ ግራፍቪዝ (ግራፍ የሚሥለው ሶፍትዌር) ተጭኖ እንደሆነ እይ። ሲሜክ ዶት የሚባለውን የግራፍቪዝ ፕሮግራም ካገኘ ሳይጠይቅህ ሥዕላዊ ግራፎቹን ያበራል። ቢያንስ «ኢንክሉድድ ባይ» የሚለውን ግራፍ (ፋይሉን የትኞቹ ፋይሎች ኢንክሉድ እንደሚያደርጉት የሚያሳየውን) አጥፋ። ማን እንደሚያነበው እንጃ።

ጥያቄ፦ የኤክስፖርት ማክሮው (ፋንክሽኑ ከላይብረሪው ውጭ እንዲታይ የምንለጥፍበት ምልክት) ዶክመንቴሽኑ ላይ ከፋንክሽኑ ስም ፊት ተለጥፎ ይወጣል።

መልስ፦ «ማክሮ ኤክስፓንሽን»ን አብራና ማክሮውን «ፕሪዲፋይንድ» ውስጥ ባዶ አድርገህ ጻፈው። «ኤክስፓንድ ኦንሊ ፕሪዴፍ»ንም ጨምርበት፣ አለዚያ ሌሎቹን ማክሮዎችም ይዘረግፋቸዋል።

ጥያቄ፦ የዶክሲጅን መልክ አስጠልቶናል። ስፊንክስ የሚባለው ሌላው የዶክመንቴሽን መሣሪያ ይሻላል?

መልስ፦ ሁለቱንም ያዙ። ዶክሲጅን ኤክስኤምኤል ያውጣ፣ ብሪዝ የሚባለው ኤክስቴንሽን ወደ ስፊንክስ ያስገባዋል። መልኩ ብቻ ከሆነ ያስጠላችሁ ግን አንድ ሲኤስኤስ ፋይል ይበቃችኋል።